ደረጃ ስታወጡልን ዘጠነኛ ክፍል የገባውንም ቁጠሩ፦ ለዞናችን ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ወሎ

ለተከበሩ የዞናችን ትምህርት መምሪያ ኃላፊ
ለመምሪያው የእቅድና የፈተና ባለሙያዎች

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በዞኑ ባሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር መምህራን ነን። ያስጻፈን አንድ ሰንጠረዥ ነው። የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ከታወቀ በኋላ መምሪያው ትምህርት ቤቶችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሮ በስብሰባ አነበበ። ሰንጠረዡ ላይ የነበረው የትምህርት ቤቱ ስም፣ ያስፈተነው ብዛትና ያለፈው በመቶኛ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የተደረደሩት ርዕሳነ መምህራን ከመቀመጫቸው እንዲነሱ ተደረገ። ቀጥሎ የመምህራን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ከዚሁ መቶኛ ጋር እንደሚያያዝ ተነገረን። ዝውውርና ሥልጠናም እንደዚያው።

ሰንጠረዡ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ወጣ። አሁን ወላጅ ገበያ መሃል አስቁሞ «እናንተማ ከመጨረሻ ሁለተኛ ናችሁ አሉ» ይለናል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅልን። መመዘን አንጠላም። ዓመቱን ሙሉ ሰው ስንመዝን ከርመን እኛን አትመዝኑን ብንል ያስቃል። ውጤቱ ጥሩ ነው ብለንም አንከራከርም። ጥሩ አይደለም። የምንከራከረው መቶኛው በሚነግራችሁና እናንተ ነገረን በምትሉት መሃል ስላለው ርቀት ነው።

ዋናው ቅሬታችን ታህቱ ላይ ነው። መቶኛው ሲሰላ ከታች የሚገባው ለፈተና የተቀመጠው ተማሪ ብዛት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የተመዘገበው አይገባም። በመሃል የቀረው ልጅ የትም አይታይም። የተዳረችው፣ ቀን ሥራ የገባው፣ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የወረደው፣ ሁሉም ከሒሳቡ ውጭ ናቸው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሩን ለማስረዳት ብለን ያወጣነው ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ዘጠነኛ ክፍል ላይ 200፣ 200 ተማሪ ተቀበሉ እንበል። ከመጀመሪያው 160ዎቹ በየዓመቱ እየተንጠባጠቡ ወጡ። 40 አስፈተነ፣ 8 አለፉለት። 20 በመቶ። ሁለተኛው ቀሪ እየተከታተለ፣ ወላጅ እየጠራ፣ የቀበሌ ሽማግሌ እየላከ 150 ልጅ ይዞ 12ኛ ክፍል ደረሰ። 150 አስፈተነ፣ 15 አለፉለት። 10 በመቶ። በእናንተ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ሁለተኛውን በእጥፍ ይበልጠዋል። ከገቡት 200 ላይ ስናሰላው ግን የመጀመሪያው ያሳለፈው 4 በመቶ ነው፤ ሁለተኛው 7.5 በመቶ። ስብሰባ ላይ የሚጨበጨብለት 160 ልጅ የጠፋበት ነው። ተነስቶ እንዲቆም የሚደረገው ልጆቹን ይዞ የቆየው ነው።

ይህ በመንደር ደረጃ ብቻ የሚታይ ነገር አይምሰልዎት። አገር አቀፉን ውጤት ራሱን በዚህ ዓይን ቢያዩት ብዙ ይናገራል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች በተሰጠበት በ2014 ዓ.ም. 896 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ተቀምጠው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. የተቀመጡት 586 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ያለፉት 48,929። 8.4 በመቶ። ያለፉት በ19 ሺህ ገደማ መጨመራቸው እውነተኛ ለውጥ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን የተቀመጠው ሰው በ310 ሺህ ገደማ ቀንሷል። የ2017ቱን አላፊዎች ለ2014ቱ ተፈታኞች ብናካፍል የሚመጣው 5.5 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ከጭማሪው ከግማሽ በላይ የሆነው የመጣው ከታች ያለው ቁጥር በማነሱ ነው። ለምን አነሰ ቢሉ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱን ግን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶ እንደከረመ እርስዎም ያውቃሉ።

አሁን አንድ ልጅ እንንገርዎ። ስሟን አንጠራም።

አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው የጠፋችው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በኦቦክ፣ በጅቡቲ ጠረፍ በኩል፣ ባሕር ለመሻገር ወጣች። ሳትሻገር ተመለሰች። ቤተሰብ ደላላው የወሰደውን ብር ለመመለስ በሬ ሸጧል። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጣች። ከእሷ በሁለትና በሦስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀመጠች። ሌሊት እንጀራ ጋግራ፣ ጠዋት ለሁለት ምግብ ቤቶች አድርሳ ነው ክፍል የምትገባው። ስም የሚጠራው መምህር ሁልጊዜ የእሷን ስም መጨረሻ ላይ ይጠራው ነበር፤ እስከዚያ እንድትደርስ ብሎ። አብዛኛውን ቀን ትደርሳለች፤ ክንዷ ላይ የሊጡ ዱቄት ሳይራገፍ። እንዲህ ሆና 12ኛ ክፍል ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተፈተነች። 50 አልሞላላትም።

በሰንጠረዡ ላይ ይህች ልጅ አንድ «ያላለፈ» ናት። የዚያን ቀን በር ላይ ስትመጣ «ዕድሜሽ አልፏል፣ ማታ ትምህርት ሞክሪ» ብለን ብንመልሳት መቶኛችን ከፍ ይል ነበር። መጻፉ ያሳፍራል፣ ሒሳቡ ግን ይህንን ነው የሚለው።

የሚያስፈራንም ይኸው ነው። ሰዉ ሒሳቡን አውቆታል። ከስብሰባው በኋላ በዞኑ ካሉ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ደከም ያሉ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ በአንድ ቢሮ እየተጠሩ «በግል ተፈታኝነት ብትመዘገቡ ይሻላችኋል» ተብለዋል። የግል ተፈታኝ ከሆነ በትምህርት ቤቱ ስም አይቆጠርማ! ልጁ መጽሐፍ የለው፣ መምህር የለው፣ ላብራቶሪ አይቶ አያውቅ፣ ራሱን አስተምሮ ይፈተን ማለት ነው። ርዕሰ መምህሩን ክፉ ሰው ነው አንልም። ተነስተው ከቆሙት አንዱ እሱ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ መቆም አይፈልግም።

ይህ እኛ ጋ የተጀመረ አይደለም። እንግሊዝ አገር የትምህርት ቤቶች የደረጃ ሰንጠረዥ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታተማል። ከዓመታት በኋላ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውጤት ያወርዱብናል ያሏቸውን ልጆች በዘዴ ከመዝገብ እንደሚያስወጡ ታወቀ። ጉዳዩ የአገሪቱ የትምህርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መጥፎ አሠራር ብሎ ስም ሰጥቶ እስኪከታተለው ድረስ ሄዷል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ዶናልድ ካምቤል ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነገሩን አስቀድሞ ተናግሮታል። አንድ ቁጥር ሹመትና ቅጣት በተንጠለጠለበት መጠን፣ ቁጥሩም ይበላሻል፣ ሊለካው የተባለውንም ሥራ ያበላሻል ነው ያለው። እዚህ ወሎ ውስጥ ለመበላሸት የፈጀበት ጊዜ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን መነሻው ስላልታየ ነው። በሰንጠረዡ አናት ላይ የተቀመጡት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እንኳን ደስ ያላቸው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ መምህራኑም ይለፋሉ። ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን የሚቀበሉት ፈትነው፣ ከየወረዳው አንደኛና ሁለተኛ የወጣውን መርጠው ነው። ምግብ አለ፣ መኝታ አለ፣ ማታ መብራት አለ። እኛ ጋ የሚመጣው የቀረው ነው፤ ማንበብ በደንብ ሳይችል ስምንተኛን ያለፈ ልጅም አለበት። ከጊራና ተነስቶ በእግሩ ደላንታ አፋፍ የወጣን ሰው ደላንታ ተወልዶ እዚያው ከሚኖር ሰው ጎን አቁሞ «ማን ከፍ ብሎ ቆመ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? የወጣው ዳገት አይቆጠርም ወይ?

የሚገርመው ደግሞ የመነሻው ቁጥር በእጃችሁ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና ወስዷል። ውጤቱ የትም አልጠፋም። ስምንተኛ ላይ ተመሳሳይ ውጤት የነበራቸውን ልጆች ወስዶ ከአራት ዓመት በኋላ የት ትምህርት ቤት ያለው የት ደረሰ ብሎ ማየት ይቻላል። እንግሊዞቹም በስተመጨረሻ የሄዱት ወደዚህ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ዋና የማነጻጸሪያ ቁጥራቸው ያደረጉት ልጁ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ ከነበረበት ተነስቶ፣ ከመሰል እኩዮቹ አንጻር ምን ያህል እንደተራመደ የሚያሳየውን ነው። እሱም እንከን አያጣም፤ የልጁን ኑሮ አያይም ተብሎ ይወቀሳል። ከእኛ ሰንጠረዥ ጋር ሲተያይ ግን ስንት እጥፍ ይሻላል።

ኑሮ ካልን አይቀር፣ በአሜሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄምስ ኮልማን ጥናት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን አይቶ አንድ ደስ የማይል ነገር ነው ያገኘው። በተማሪዎች ውጤት መሃል ያለውን ልዩነት በይበልጥ የሚያስረዳው የቤተሰብ ሁኔታ ነው፤ በትምህርት ቤቶች መሃል ያለው የግብዓት ልዩነት ከተጠበቀው ያነሰ ድርሻ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር ተደርጎበታል። በተለይ በድሃ አገር የትምህርት ቤቱ ድርሻ ከፍ ይላል የሚሉ አሉ፤ እኛም መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ተካፍለው ሲያነቡ ስለምናይ ይህኛው ሐሳብ ይጥመናል። ሆኖም የቤተሰብን ነገር ሳይነኩ ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት ማወዳደር የሚበጅ አለመሆኑ ላይ የሚከራከር የለም።

የበልግ አገር ልጆችን ብቻ ይውሰዱ። ደጋው ላይ በልግ የሚዘራው በጥርና በየካቲት ነው፣ ሰኔ ላይ ይታጨዳል። ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር እርሻ፣ ፈተና ሲደርስ አጨዳ። አባትየው «ቲቸር፣ ይችን ሳምንት ብቻ ልቀቅልኝ» ብሎ ይመጣል። ምን ይባላል? ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩትም ቢሆኑ ስንቅ ለማምጣት አርብ ከሰዓት ይወጣሉ፣ ሰኞ ረፋድ ይደርሳሉ። የአርብ ከሰዓት ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይህ ሲደመር ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚሆን የቀሪ መዝገባችን ላይ አለ። የጠየቀን የለም እንጂ።

ሦስተኛው የጠፋው ጊዜ ነው። ይህን ባጭሩ እንበል፣ ለእርስዎ አይነገርምና። በ2017 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የተፈተነ፣ ክፍል ሳይደግም የመጣ ልጅ በ2012 ሰባተኛ ክፍል ነበር። መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ተዘጋ። በ2014 ዘጠነኛ ሊገባ ሲል ጦርነቱ ወሎ ውስጥ ነበር። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ምን እንደነበሩ ማን ይረሳዋል? ዴስክ ማገዶ ሆኗል፣ የላብራቶሪ ዕቃ ተሰባብሯል፣ የተማሪ ፋይል ተበትኗል። ቆቦና አካባቢዋ ደግሞ በነሐሴ 2014 መልሶ መጣባቸው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለውን አንዘረዝረውም። እንግዲህ ይህን ልጅ ነው አንድም ቀን ደጁ ካልተዘጋበት ልጅ ጋር በአንድ መስመር የደረደራችሁት። በዞኑ ውስጥም ቢሆን ሁሉም እኩል አልተዘጋም። ወር የተዘጋ አለ፣ ዓመት ያለፈው አለ። ሰንጠረዡ ላይ ስንት ቀን ተማሩ የሚል አምድ የለም።

አራተኛው የትንሽ ቁጥር ጉዳይ ነው፤ የሒሳብ መምህራን ነንና ትንሽ እንቆይበት። በመንግሥት መግለጫም፣ በእናንተ ሰንጠረዥም «አንድም ያላሳለፉ» የሚል ዝርዝር አለ። ክፉ ስም ነው። እስቲ 30 ተማሪ ያስፈተነ ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት እንውሰድ። ትምህርት ቤቱ ከአገሪቱ አማካይ ምንም የማያንስ ይሁን፤ እያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድሉ ልክ የ2014ቱን አማካይ፣ 3.3 በመቶ ይሁን። 30ዎቹም የማያልፉበት ዕድል ስንት ነው? 0.967ን በራሱ 30 ጊዜ ማባዛት ነው። 0.37 ገደማ ይመጣል። ይህ ማለት እንዲህ ካሉ፣ ምንም ጉድለት ከሌለባቸው ሦስት ትምህርት ቤቶች አንዱ እንዲሁ በአጋጣሚ ብቻ «ዜሮ» ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በ2017ቱ 8.4 በመቶ ብናሰላውም 7 በመቶ ያህሉ ይገባሉ። 900 ተማሪ የሚያስፈትን የከተማ ትምህርት ቤት ግን አማካይ እስከሆነ ድረስ ዜሮ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዝርዝሩ በአብዛኛው የሚለየው ማን ትንሽ እንደሆነ ነው። ማን ደካማ እንደሆነ ለማወቅ ሌላ መረጃ ያስፈልጋል።

ትንሽ መሆን ወደ ላይም ያወጣል። 20 ልጅ ባስፈተነ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ 5 በመቶ ነው። ሁለት ጎበዝ መንትያ ወንድማማቾች ቢገቡለት በዓመቱ ተሸላሚ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ይወርዳል፣ «ለምን ወረደ» ተብሎ ኮሚቴ ይቋቋማል። ምንም አልሆነም እኮ! መንትዮቹ ጨርሰው ሄዱ።

መቶኛውን ከመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ጋር ማያያዝ ላይ ስንደርስ ነገሩ ከቅሬታ ያልፋል። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በተማሪዎች የፈተና ውጤት ላይ ከሚታየው ልዩነት ውስጥ የመምህራን ድርሻ ከ1 እስከ 14 በመቶ ነው ብሏል። ያውም በየዓመቱ የሚፈተኑ፣ መነሻቸው በጥንቃቄ የተመዘገበላቸው ተማሪዎች ባሉበት አገር። ይህ መምህር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ያ 14 በመቶ የአንድን ልጅ ሕይወት ይቀይራል። ግን 12ኛ ክፍል ላይ ኬሚስትሪ ያስተማረ መምህር ደመወዝና ዝውውር ልጁ አንደኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ተሸክሞ ይምጣ ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ውጤቱንም ከወዲሁ እናውቀዋለን። ጎበዝ መምህር የገጠሩን ትምህርት ቤት ይሸሻል። 12ኛ ክፍልን የሚወስድ ይጠፋል። ዘንድሮ ክፍል ስንከፋፈል «12ኛን ለእኔ አትስጡኝ» ያለው ሰው ብዛት ከዚህ በፊት ያላየነው ነው።

ጽናት የሚባለው ነገር በጥናትም ችላ የተባለ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የቺካጎ ጥናት ከ55 ሺህ በላይ የሁለተኛ ደረጃ ምሩቃንን ተከታትሏል። ማን ኮሌጅ ገብቶ ይጨርሳል የሚለውን የአራት ዓመት የክፍል ውጤት ከአንድ ቀን መግቢያ ፈተና በአምስት እጥፍ ያህል በተሻለ ሁኔታ አመልክቷል። ምክንያቱ አይከብድም። የክፍል ውጤት በየቀኑ መምጣትን፣ የቤት ሥራ መሥራትን፣ ወድቆ መነሳትን ይዟል። እውነቱን ለመናገር እኛ አገር የካርድ ነጥብ የተጋነነባቸው ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። ስለዚህ ካርድ በፈተና ቦታ ይግባ አንልም፤ ብሔራዊ ፈተናው ኩረጃን መቆጣጠሩም ትክክል ነው። የምንለው ልጁ አራት ዓመት መጽናቱ አንድ አምድ ይገባዋል ነው። ደግሞ ልጅን ተከትሎ መቁጠር የማይቻል አይደለም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ 3 ሺህ ገደማ ልጆችን፣ የክልላችንን ልጆች ጨምሮ፣ እየተከታተለ ጉልምስና አድርሷቸዋል። እነሱ በየቦታው የተበተኑ ልጆችን አድራሻ እየፈለጉ ነው። እናንተ ሮስተሩ በየትምህርት ቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦላችኋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1. የተነበበው ሰንጠረዥ በመምህራን የ2018 የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ በዝውውርና በሥልጠና ምርጫ ላይ እንዳይሠራ በጽሑፍ ይታገድልን። ይህ ሌላው እስኪስተካከል የሚጠብቅ አይደለም። ምዘናው ጥር ላይ ይሞላል።

2. የሚቀጥለው ሰንጠረዥ ከተፈታኙ መቶኛ ጎን ዘጠነኛ ክፍል ከገባው ስንት 12ኛ ደረሰ፣ ከገባው ስንት አለፈ፣ አቋርጠው ከሄዱት ስንት ተመለሱ የሚሉ አምዶች ይኑሩት። ተዛውሮ የሄደ ልጅ በደረሰበት ትምህርት ቤት ይፈለግ፤ «ተዛወረ» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ተዛውሯል ማለት አይደለምና።

3. የ12ኛ ክፍል ውጤት ከልጁ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ጋር ተያይዞ ይታይ። በምርጫ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ለብቻቸው ይቀመጡ። ለዚህ ባለሙያ የለንም ከተባለ ወሎ ዩኒቨርሲቲና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደሉም። ከእኛም ውስጥ በክረምት የሚሠራ አይጠፋም፣ አበል አንጠይቅም።

4. ከ100 በታች ተፈታኝ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ውጤት የሦስት ዓመት ተደምሮ ይነገር። «አንድም ያላሳለፉ» የሚለው ዝርዝር በስብሰባ መነበቡና በቴሌግራም መለቀቁ ይቁም።

5. ባለፉት ሁለት ዓመታት በመደበኛ ተመዝግቦ በግል ተፈታኝነት የተፈተነ ልጅ በተማረበት ትምህርት ቤት ስም ይቆጠር። ዘንድሮ «ብትወጡ ይሻላችኋል» የተባሉት ተማሪዎችም ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ መምሪያው ለትምህርት ቤቶቹ ደብዳቤ ይጻፍ። የግል ተፈታኝ ምዝገባ ሳይጀመር።

6. ትምህርት ቤቱ ከ2012 እስከ 2017 በየዓመቱ ስንት ቀን ክፍት እንደነበረ ከሰንጠረዡ ጋር ይያያዝ። መረጃውን ሱፐርቫይዘሮች በሁለት ሳምንት ሊሰበስቡት ይችላሉ።

በስብሰባው ላይ እንዲቆሙ ስለተደረጉት ርዕሳነ መምህራንም አንድ ቃል። ከእነሱ አንዱ ትምህርት ቤቱን ከጦርነቱ በኋላ ከዜሮ ያስነሳ ሰው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ከየቀበሌው ለምኖ፣ ወላጅ አስተባብሮ ዴስክ ያስጠገነ። በተነበበበት መድረክ ላይ ይቅርታ ቢጠየቅ ደስ ይለናል። ባይሆን እንኳ በሚቀጥለው ስብሰባ ማንንም አታስቁሙ።

መልሱን በደብዳቤ እንጠብቃለን። ስብሰባ ከተጠራም እንመጣለን፣ ቁጥራችንን ይዘን።

ከአክብሮት ጋር

በዞኑ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ስም፣
የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪና የ12ኛ ክፍል ስም ጠሪ

ግልባጭ፦
ለክልሉ ትምህርት ቢሮ
ለዞኑ መምህራን ማኅበር
ለየትምህርት ቤቱ ወላጅ መምህር ኅብረት